አምፖል መሸጫው ማዶ ነው
አሁን ከከተማችን ፒያሳ መመለሴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ያንን ሱቅ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም።

የፈለግሁት ተአምር አይደለም። የቤተሰቡን ፎቶ፣ የጥምቀቱን ቪዲዮ፣ የእማማን መዝሙርና ፊልሞቻችንን በአንድ ቦታ አከማችቶ ለቴሌቪዥኑም ለስልኩም የሚያቀርብ፣ ሌት ተቀን ቢበራ የማያሳቅቅ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። "ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ኮምፒውተር አላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ እኔን ትቶ ዲስክ ሊሸከምልኝ ወደመጣው የእህቴ ልጅ ዞረ። "ጀግናው፣ ምን ጨዋታ ነው የምትጫወተው?" አለው። ጠያቂዋ እኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ መልስ የሚሰጠው ግን ገና ጢም ላላበቀለ ልጅ!

"ለጨዋታ አይደለም፤ መብራት የማይበላ ነው የምፈልገው። ፕሮሰሰሩ 6 ዋት የሆነ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"6 ዋት?" አለና የቆመው ደንበኛ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ "እህቴ፣ አምፖል መሸጫው ማዶ ነው!"

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ላፕቶፕ ሊያሠሩ የመጡት አባት እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እነርሱስ ይሁን፤ ያ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ አብሮ ሲስቅ ነው አንጀቴ ያረረው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሳጥን ጎትቶ አወጣና የከብት ገበያ እንደቆመ ደላላ ጎኑን መታ መታ እያደረገ "ባለ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው!" አለ። አንተ ሰው፣ 600 እኮ ፓወር ሰፕላዩ ለኮምፒውተሩ መስጠት የሚችለው ትልቁ መጠን ነው እንጂ ሙገሳ አይደለም! እንዲህ ያለው ማሽን ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ 60 ዋት ቢወስድ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትንሹ ከነዲስኩ 10 ዋት ቢወስድ ግን ከ7 ብዙም አያልፍም። ቆጣሪው ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ደረጃ እየወጣ ይሄዳል። ይህን ባስረዳው "መብራት ለሚቆጥብ ሰው ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?" አለኝ። ድህነቴን በአደባባይ አወጀልኝ ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ከተማ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሻጭ ከየት መጣ? ፋይል እየተጻፈ ድንገት ድርግም ካለ ዲስኩ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ የሚበላ ማሽን ከሆነ ግን ያችው ርካሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትተካው፣ በሰላም እስኪዘጋ ትይዘዋለች። እርሱ ምን አለ? "ሲመጣ ይነሳላ።"

ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ሌላ ሱቅ ጠይቄ ነበር፤ የልጆች መጫወቻ መስሏቸው አዘኑልኝ። ደግሞም ፓይ 4 ቴሌቪዥኑ ፋይሉን እንዳለ ካጫወተው ይበቃል፤ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ሲመጣ ግን ኤን100 ይሻላል። በዩኤስቢ ብቻ ሁለት ዲስክ ልታስነሱበት ካሰባችሁም ኃይሉ ላይበቃ ይችላል።

እንዲህ የምንገበገበው በከንቱ አይደለም። ባለፈው "2 ቴራባይት" ተብሎ የተሸጠልኝ ፍላሽ ውስጡ ያለው ሩቡ እንኳ አልነበረም፤ ሞልቶም እንዳልሞላ ሆኖ መቀበሉን ቀጠለ። የእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ሙሽራው ደጃፍ ላይ እንደቆመ ተቋረጠ። በሩን የያዙት ወገኖቻችን እስከ ዛሬ አላስገቡትም። ገንዘቤን ስጠይቅ "ስትገዢ ይሠራ ነበር" ተባልኩ። እውነት ነው፣ መብራቱ ብልጭ ይል ነበር።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ንገሩኝ፤ ባለ 8 ጊጋ ራም ኤን100 ይበቃኛል። ዲስኩ ባለ 2.5 ኢንች ይሁን፤ ትልቁ የራሱን 12 ቮልት ይፈልጋል፣ መብራቱንም ይበላል። ሻጮቹ ከሳቁበት ይሳቁ፣ ለእርሱ አይገደኝም።

የእህቴ ልጅ ግን ያንን ባለ 600 ዋት ካልገዛችሁልኝ ብሎ እራት አልበላም ብሏል። እናቱም "ለትምህርቱ ከሆነማ..." ማለት ጀምራለች።