የሚነዝር ማሽን ይነቀል

በየዩኒቨርሲቲው፣ በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው ላቦራቶሪ የምትሠሩ፣ ይልቁንም ሌሎችን የምታሠሩ ወገኖቼ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አሲድ እንዳይነካው ጓንት ታለብሱታላችሁ፣ በናሙና እንዳይበከል ደጋግማችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፉጅ ጋ ስትደርሱ ግን «ይቺ ትንሽ ትነዝራለች፣ ስትነካት ተጠንቀቅ» ብላችሁት ታልፋላችሁ። እንዲህ እየተባለ ብልሽቱ የማሽኑ ጠባይ ተደርጎ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ይወረሳል።

የብረት አካል ያለው መሣሪያ የሚነዝረው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫና አረንጓዴው የግራውንድ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ስለተቋረጠ ነው። ሽቦው ደህና ቢሆን ከውስጥ የሚያፈተልከው ጥቂት ኮረንቲ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይወርድ ነበር፤ ያ መንገድ ሲጠፋ በሚነካው ሰው በኩል ያልፋል። ዛሬ ጣትን ቆንጠጥ አድርጎ የሚተወው መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ነገ አንድ የውስጥ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ ሙሉው 220 ቮልት እዚያው ብረት ላይ ሰው ይጠብቃል። መስመሩን የምንቆርጠውም ብዙ ጊዜ እኛው ነን፤ በእርዳታ የመጣው መሣሪያ ስፒናው ከግድግዳው ሶኬት ጋር አልገጥም ሲል ግራውንድ የሌለው አዳፕተር ይሰካበታል፣ አለዚያም ሦስተኛው እግር በፒንሳ ይቆረጣል።

«ብሬከር አለን» የሚል መልስ እሰማለሁ። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል ነው። የሰውን የልብ ምት ለማዛባት ግን 30 ሚሊአምፔር አካባቢ ሊበቃ ይችላል፤ ይህም ከብሬከሩ ልክ ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ ሰው ኮረንቲ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ብሬከሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል። ሰውን የሚያድነው ወደ መሬት የሚያፈተልከውን ኮረንቲ ለይቶ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው መሣሪያ ነው፤ ውኃ ያለበት ጠረጴዛ ሁሉ ይህ ያስፈልገዋል፣ የመሞከሪያ ቁልፉም በየጊዜው ተጭኖ መታየት አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ስለሚተካው ባለሙያ ነኝ ባይ ምንም ባልል ይሻላል።

ይህ ቆራጭም ቢሆን የማያየው አደጋ አለ። ዲኤንኤንና መሰል ናሙናዎችን በኮረንቲ የሚለየው የጄል ኤሌክትሮፎረሲስ ሳጥን ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ 100 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚለቀቅበት ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ኃይሉ እንዲቋረጥ የተደረገውም ለዚሁ ነው። ክዳኑ ተሰነጠቀ ብሎ ገመዱን በቀጥታ እያገናኙ መሥራት ግን ብልሃት ተብሎ ሲደነቅ ታይቷል። ኤተርን፣ ያን ቶሎ የሚተንና የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ በተራ የቤት ማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥም አለ። የኤተር ትነት ከዜሮ በታች እስከ 45 ዲግሪ ቅዝቃዜ ድረስ እሳት ሊይዝ ስለሚችል የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ አያድነውም፤ የሙቀት መቆጣጠሪያው ወይም የመብራቱ ማብሪያ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ይበቃዋል። መብራት ሲሄድ ቁልፉ ሳይጠፋ የተረሳ ማሞቂያም ሌሊት መብራቱ ሲመለስ ሰው በሌለበት ይግላል።

ይህን ሁሉ ሠራተኛን አዳራሽ ሰብስቦ በማስፈረም አስተምረናል ማለት ራስን ማታለል ነው። ሠራተኛዋን በየቀኑ የምትሠራበት ጠረጴዛ ጋ አቁሟት፤ ስፒናውን በገዛ እጇ ነቅላ እግሩ ሥር የጠቆረ ነገር መኖሩን ትይ፣ ፍሪጅና ኦቨን የተደራረቡበት ኤክስቴንሽን መሞቁን ትመርምር፣ የማሞቂያውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትላ የጋለው ብረት የት ጋ እንዳቀለጠው ታግኝ። ጓደኛዋን ኮረንቲ ቢይዘው በእጇ እንዳትነካው፣ አስቀድማ መስመሩን እንድታጠፋ ንገሯት፤ ከዚያም የብሬከሩን ሳጥን ከፍታ እንድታሳያችሁ ጠይቋት። ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ምሳ የሄደ ጥበቃ ኪስ ውስጥ ከተገኘ፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፣ የእናንተ ነው።

የሚነዝረውን ማሽን ዛሬውኑ ንቀሉት። የጥገና ባለሙያ ፈትሾ ግራውንዱን እስኪያረጋግጥ ማንም እንዳይሰካው ስፒናው ላይ ወረቀት ለጥፉበት። ውጤት ዘገየ ብሎ የሚቆጣ አለቃ ካለም፣ ወረቀቱን እርሱ ራሱ ፈርሞ ያንሣው።