ያነበባችሁትን ልቦለድ እንደገና አንብቡ

ክረምት በገባ ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አንድ ዓይነት ዕቅድ ይዘዋወራል። «በዚህ ክረምት ይህን ያህል መጽሐፍ እጨርሳለሁ» የሚል። ለንባብ መነሳሳቱ ደስ ይላል፤ ቁጥሩ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ዘንድሮ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ የገለጥኩት አዲስ ልቦለድ በጣት የሚቆጠር ነው። ጊዜዬን የወሰዱት ድሮ ያነበብኳቸው ናቸው። እንዲህ ጠግቤ ያነበብኩበት ክረምት ትዝ አይለኝም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ገና ሳያነበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነብ ሰው ቶሎ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጋ ለመድረስ ይቸኩላል። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የመግቢያ ሰዎች ይመስሉታል።

ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ግን እነሱ ጋ ነው ልብ የሚቀረው። ልጃቸው ይታመማል። ይጨነቃሉ፣ ስለት ይሳላሉ፤ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ፣ ሚስት ሳያገባ እንዲኖር። መጀመሪያ ያነበበ ሰው «እሰይ ተረፈ» ብሎ ያልፋል። ያ ልጅ አድጎ፣ ዲማ ተምሮ፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለን እንደሚያስተምር የሚያውቅ አንባቢ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይከብደዋል። ክፉ ሰው የለም እዚያ ቦታ። ልጃቸውን የሚወዱ እናትና አባት ናቸው ያሉት፣ እና በፍቅራቸው ነው እጁን ያሰሩት። ይህን በመጀመሪያው ንባብ ማየት የሚቻል አይመስለኝም።

ፊታውራሪውም እንደዚሁ ናቸው። በወጣትነት ሲነበቡ በፍቅረኞቹ መንገድ ላይ የቆሙ ኩሩ አባት ናቸው፤ በቃ። ዕድሜ ሲጨመር ከገበሬዎቹ ጋር የገቡበት ጠብ፣ የገበሬዎቹ መሪ የአበጀ በለው አልገዛም ባይነት፣ የጉዱ ካሳ ንግግር ፊት ለፊት ይመጣል። ካሳ ዳምጤን ሰው «ጉዱ» ያለው የሁሉንም ቦታ ያስያዘውን ሥርዓት ለምን ብሎ ስለጠየቀ ነው። መጽሐፉ የወጣው አብዮቱ ሊፈነዳ 8 ዓመት ሲቀረው መሆኑን ይዛችሁ እሱ የሚናገርባቸውን ገጾች አንብቡ። የፍቅር ታሪክ ብቻ ይዘን የቆየነው መጽሐፍ ስለ መሬትና ስለ ጌትነት ምን ያህል እንደሚያወራ ታያላችሁ።

«ኦሮማይ»ም ይለወጣል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ይህ ልቦለድ መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያልቀው፤ አስመራ፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ፣ ፍቅረኛው ፊያሜታ፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ናቅፋ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ይዞ የሚመለስ ሰው የሚያነበው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ሆኖ ሁሉን ያየ ሰው ምን ያህሉን እንደጻፈ፣ ከማን ፊት እንደጻፈ ነው። ስብሰባዎቹ፣ መፈክሮቹ፣ የሹማምንቱ ጨዋታ፤ ድሮ ወደ ፊያሜታ ለመድረስ የሚዘለሉት ገጾች አሁን ዋናዎቹ ናቸው።

«ታዲያ አዳዲሶቹን ደራሲዎች ማን ያንብብ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እናንብባቸው እንጂ! ግን አንድን ልቦለድ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ከአዲሱም ብዙ ይጠብቃል፤ በሴራ ብቻ አይታለልም። ለደራሲውም የሚበጀው እንዲህ ያለ አንባቢ ነው። ደግሞ የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ እናውቃለን። ቤት ያለውን ከመደርደሪያ ማውረድ ምንም አያስከፍልም።

በተለይ በጅምር የተዋችሁት ካለ ተመለሱበት። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው መጽሐፍ ነው። ሴራ ፍለጋ ለገባ ሰው ከባድ ነው፤ ሰዎቹ ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ታሪኩ አይቸኩልም። ምን እንደሚሆን ማወቅ የማያጓጓው አንባቢ ግን የእያንዳንዱን ሰው አነጋገር ለይቶ መስማት ይጀምራል። አሁን የያዝኩት እሱን ነው፣ ንግግሮቹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ። መስከረም ሳይጠባ ካላለቀ ለጥቅምት ይተርፋል።