ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው
ስለ ጫማ አመራረጥ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚሠሩ ሰዎች ሶሉ እጅግ የለሰለሰ ጫማ እንዲመርጡ ይመክራል፤ እኔ ግን በነርስነት 12 ሰዓት ሙሉ ተረኛ ሆኜ ስሠራ ያየሁት ከዚህ ይለያል። በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ሶል ሱቅ ውስጥ ምቹ ቢመስልም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተረከዙ በአንድ ወገን ተረግጦ ቁርጭምጭሚቴን ያሳመመኝ እርሱ ነበር። አሁን መርካቶ ስሄድ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዤ አጥፌ አያለሁ፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ስለሆነ፣ መሃሉ ላይ ከተቀለበሰ እመልሰዋለሁ። እግር ቆሞ ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ለሥራ የማደርገውን ካልሲ አድርጌ፣ ሁለቱንም እግር እለካለሁ (የእኔ ግራ ከቀኙ ይበልጣል)፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ካልቀረ፣ ሻጩ «ሲደረግ ይለቃል» ቢለኝም አልገዛም።