«ስንት ሸጠ?» የሚሉ የቡጢ ወዳጆች

አሜሪካ ውስጥ ከቡጢ ወዳጆች ጋር ጥቂት የተቀመጠ ሰው ጨዋታው ከቡጢው ወደ ሽያጩ ሲዞር ለማየት ብዙ መጠበቅ አያስፈልገውም። ማን ማንን ዘረረ፣ ዳኞቹ ነጥቡን በትክክል ሰጡ ወይስ አዳሉ የሚለው ክርክር ገና ሳይሞቅ አንዱ ተነሥቶ «ለመሆኑ የእናንተ ሰው ስንት ሸጠ?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወረወረው ሁሉ የፔይ ፐር ቪው ቁጥር ነው። ፔይ ፐር ቪው ማለት ተመልካቹ ከወርሃዊ የኬብል ወይም የኢንተርኔት ክፍያው ውጪ ለአንድ ምሽት ግጥሚያ ብቻ ለይቶ የሚከፍልበት አሠራር ሲሆን፣ ሽያጭ የሚባለውም ስንት ደንበኛ ያን ክፍያ ፈጽሞ ግጥሚያውን እንደገዛ የሚገልጸው ቁጥር ነው። በእግር ኳስና በሩጫ ወሬ ላደገ እንደኔ ላለ ሰው፣ ስፖርት ወዳጅ የሆነ ሰው የሻጩን ሒሳብ እንደ ራሱ ጎል ሲቆጥር መስማት ዓመታት ካለፉም በኋላ ግር ማለቱ አልቀረም።

የዚህ ክርክር ትልቁ ቁጥር የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2015 ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ ላስ ቬጋስ በሚገኘው ኤም.ጂ.ኤም. ግራንድ በተገናኙበት ምሽት ነው። 4.6 ሚሊዮን ጊዜ ተሽጧል፤ ከዚሁ ሽያጭ ብቻ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በጥራት ማየት የፈለገ ሰው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ይከፍል ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት የጎረፈው የገዢ ብዛትም የኬብል ድርጅቶቹን መሥመር ስላጨናነቀው ቡጢው ራሱ ዘግይቶ ለመጀመር ተገዷል። ነገር ግን ደጋፊው ለአምስት ዓመት ያህል «አገናኙልን» እያለ ሲወተውትበት የኖረው ግጥሚያ የመጣው ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያዎ ደግሞ 36 ዓመት ከሆናቸው በኋላ ነበር። ሜይዌዘር በለመደው ጥንቃቄ ከርቀት እየመታ፣ ሲቀርበው እያቀፈ 12ቱን ዙር ጨርሶ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ አሸነፈ፤ ፓኪያዎም ትከሻው ተጎድቶ እንደነበር ከግጥሚያው በኋላ ተናገረ። በማግስቱ «ገንዘቤን ተበላሁ» የማይል ተመልካች ማግኘት ከባድ ነበር። ያው ሰው ዛሬ ስለ ሜይዌዘር ታላቅነት ሲከራከር ያንኑ 4.6 ሚሊዮን አስቀድሞ ይጠራል። የተበላው ገንዘብ የሚኮራበት ገንዘብ ሆኗል ማለት ነው።

ቁጥሩ የችሎታ መለኪያ ተደርጎ ሲቀርብ ፍርድ ምን ያህል እንደሚዛባ ለማየት የቴረንስ ክሮፎርድን ታሪክ መከተል ይበቃል። ክሮፎርድ የኔብራስካዋ ኦማሃ ልጅ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር ባለሙያ ባይኖርም «አይሸጥም» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከቪክቶር ፖስቶል ጋር ያደረገው ግጥሚያ ከ100 ሺህ በታች እንደተሸጠ ተዘግቧል። የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ የነበሩት አዛውንቱ ቦብ አሩምም እ.ኤ.አ. በ2020፣ በክሮፎርድ ግጥሚያዎች በከሰሩት ገንዘብ ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ቤት መሥራት ይችሉ እንደነበር በይፋ ተናግረዋል። አንድ ነጋዴ ስለ ኪሳራው ማማረሩ የተለመደ ነው። የሚገርመው ደጋፊው የነጋዴውን ምሬት ተቀብሎ እንደ ዳኛ ውሳኔ ማስተጋባቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2023 ክሮፎርድ ኤሮል ስፔንስን ሦስት ጊዜ ከመሬት ጥሎ በዘጠነኛው ዙር አስቆመው፤ አራቱንም የዌልተር ሚዛን ቀበቶዎች ጠቀለለ። በዚያ ደረጃ፣ ባልተሸነፈ ተጋጣሚ ላይ፣ እንዲህ ያለ ብልጫ የታየበት ምሽት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሽያጩ ግን 700 ሺህ ገደማ እንደሆነ ተነገረ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ጀርቮንታ ዴቪስ ራያን ጋርሲያን በሰባተኛው ዙር ጎኑ ላይ መትቶ ያንበረከከበት ግጥሚያ 1.2 ሚሊዮን መሸጡ ተነግሮ ስለነበር፣ ነገሩ በብዙዎች ዘንድ በመቀነስ ሒሳብ ተዘጋ፤ ዴቪስ በግማሽ ሚሊዮን በለጠ። ሁለቱ በተለያየ ክብደት የሚጋጠሙ፣ ቀለበት ውስጥ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች መሆናቸውን የሚያስታውስ አልተገኘም።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን ቁጥር የሚቆጥረው ማን ነው የሚለው ነው። የተራ ቴሌቪዥን ተመልካች ብዛት ኒልሰን በሚባል፣ ከጣቢያዎቹ ነጻ በሆነ ድርጅት ይለካል። የፔይ ፐር ቪው ሽያጭ ግን እንዲህ ያለ ገለልተኛ ቆጣሪ የለውም፤ መዝገቡ ያለው በኬብልና በሳተላይት አከፋፋዮቹ፣ በአስተላላፊው ጣቢያና በግጥሚያው አዘጋጆች እጅ ነው። ቁጥሩ ሲያምር መግለጫ ይወጣል፤ ሳያምር ዝም ይባላል፤ ጋዜጠኛውም «ጉዳዩን የሚያውቁ ምንጮች እንደነገሩኝ» ብሎ ግምት ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜይዌዘር ከድብልቅ ፍልሚያው (ዩ.ኤፍ.ሲ.) ኮከብ ኮነር ማክግሬገር ጋር የተጋጠመበትን ምሽት ብንወስድ፣ የዩ.ኤፍ.ሲ. አለቃ ዳና ዋይት 6.7 ሚሊዮን ተሽጧል ብሎ ሲናገር፣ ግጥሚያውን ያስተላለፈው የኬብል ጣቢያ ሾውታይም ከወራት በኋላ ለሰሜን አሜሪካ ያወጣው ቁጥር 4.3 ሚሊዮን ነበር። የመላው ዓለምና የአንድ አህጉር ቆጠራ ስለሆኑ ሁለቱ የግድ አይጋጩም ይባል ይሆናል። ተከራካሪው ግን የሚያነሣው ለሚወደው የሚስማማውን ብቻ ነው፤ ሌላውን የሚያጣራበት መንገድም የለውም።

ደግሞም ቁጥሩ ግዢን እንጂ ዓይንን አይቆጥርም። ይህን ከእኛ ሰው የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ትልቅ ግጥሚያ ሲኖር አንድ ቤት ይመርጣል፤ ባለቤቱ ይገዛል፣ ሌላው ድርሻውን በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ይልካል ወይም ቢራና ሥጋ ይዞ ይመጣል፣ ሳሎኑ ሞልቶ ልጆች ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ስፔንስና ክሮፎርድ የተጋጠሙ ለታ የነበርኩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ዋጋው 84 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሆን፣ ያ ሁሉ ሰው ያን ሌሊት በሻጩ መዝገብ አንድ ነው። ዴቪስ የባልቲሞር ልጅ በመሆኑና በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዋሽንግተን ከተማ መጥቶ በመጋጠሙ፣ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን እንደ ሰፈራቸው ሰው ነው የሚያዩት። ከዋናው በፊት ያሉት ግጥሚያዎች እየተካሄዱ ሳለ አንዱ ወጣት ለአንድ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ሰው የዴቪስን ታላቅነት ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ ግራ እጁ ወይም ስለ ትዕግሥቱ ሳይሆን ስለ 1.2 ሚሊዮኑ። ጋሼ ድንቹን እያነሡ በጥሞና አዳመጡትና «ጎሽ የኔ ልጅ፤ ታዲያ ለአንተ ስንት ደረሰህ?» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ቁጥር ተሻገረ።

ሬስቶራንትና መጠጥ ቤት ሲሆን ሒሳቡ ይለያል። የቤት ደንበኛ በከፈለው ዋጋ ለሕዝብ ማሳየት አይፈቀድም፤ የንግድ ቤት ፈቃድ የሚሸጠው በቤቱ የመያዝ አቅም ተተምኖ ነው። ፈቃዱን የሚሸጡት ድርጅቶች በየከተማው ሰው ልከው ያለ ፈቃድ የሚያሳዩትን እየመዘገቡ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይከስሳሉ። ስለዚህ አንድ የሰፈር ቡና ቤት ቡጢ ለማሳየት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያማክረው ጠበቃውን ቢሆን አይገርምም።

ይህን ሳይ አዲስ አበባ ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ትዝ ይሉኛል። በሩ ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል፤ የቡድኖቹ ስምና ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፤ አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ብሩን ይቀበላል፣ አግዳሚው በአርሰናልና በማንቸስተር ተከፍሎ ይሞላል። የላስ ቬጋስ የቅዳሜ ሌሊት ግጥሚያ ለአዲስ አበባ የእሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚውል፣ ቡጢ ወዳጁ ጥቂት ሰው ከኳሱ ሕዝብ በፊት ማልዶ ይመጣል። አንድ ዲኮደር ለስንት ሰው እንደሚያገለግል ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ እዚያ ያለ ተመልካችም ስንት ሰው ገዝቶታል ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ስል ግን የአገር ቤቱ ሰው ከገንዘብ ወሬ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2023 ለዴክላን ራይስ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ የሚችል ዋጋ እንደተስማማ፣ ዩናይትድ ለአንቶኒ ያወጣው ገንዘብ እንዴት ከንቱ እንደቀረ፣ መርካቶ ጫማ የሚያድሰውም ባንክ የሚሠራውም እኩል ያወራዋል። ይሁን እንጂ ልዩነት አለው፤ የኳስ ደጋፊው የሚኩራራው ክለቡ ባወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ ገንዘቡ ሲባክን የሚሰደበውም የክለቡ አመራር ነው። የቡጢ ደጋፊው ግን የሚኩራራው ከራሱና ከመሰሎቹ ኪስ በወጣው ነው። ዋጋው ለምን ወደ 100 ዶላር ተጠጋ ብሎ መጠየቅ የነበረበት ሰው ስንት ሺህ ሌላ ሰው አብሮት እንደከፈለ እየቆጠረ ይደሰታል።

በእኛ ዘንድ ለቁጥር ክርክር ትልቁ መድረክ ሩጫ ነበር። ኃይሌ ይበልጣል ወይስ ቀነኒሳ በሚለው ስንት ቡና ቀዝቅዟል! ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1998 ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ፤ ቀነኒሳ በ2005 ብራሰልስ ላይ ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 አወረደው፤ የኃይሌ ወገን ደግሞ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን ፍጻሜ ያነሣል። ሁሉም ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ስታዲየም የተቀመጠው ሕዝብ ያየው፣ ዳኛ ያጸደቀው፣ ኬንያዊውም ኢትዮጵያዊውም እኩል የሚቀበለው ቁጥር ነው። የዚያን ምሽት ማስታወቂያ ስንት ብር እንዳስገባ የሚያነሣ ቢኖር ነገሩን ያልገባው ሰው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ለአሜሪካው ደጋፊ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቁጥሩ ለቡጢኛው ራሱ ባዶ ወሬ አይደለም። በቡጢ ሊግ የለም፣ በወር የሚከፈል ደመወዝም የለም፤ ትልልቆቹ ቡጢኞች ከተረጋገጠላቸው ክፍያ በላይ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳሉ። ሜይዌዘርና ፓኪያዎ ገቢውን 60 በ40 ነበር የተካፈሉት። በተለመደው አሠራር ደግሞ አከፋፋዮቹ ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ቀድመው ስለሚያነሡ፣ አንድ ሚሊዮን ግዢ በ80 ዶላር ተባዝቶ የሚመጣው 80 ሚሊዮን ቡጢኞቹ ዘንድ ሳይደርስ 40 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ አዘጋጁ፣ አሠልጣኙና ግብሩ አሉ። በሚቀጥለው ድርድር ማን ዋና፣ ማን ተከታይ ሆኖ እንደሚፈርምም የሚወስነው ይኸው ነው። ቡጢኛው ስለ ቁጥሩ ቢጨነቅ ስለ እንጀራው ነው። ሳሎን የተቀመጠው ሰው ግን ከዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ክፍያው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መለኪያው ራሱ ከደጋፊዎቹ እጅ እየወጣ ነው። ለዓመታት ቡጢ ያስተላልፉ ከነበሩት የኬብል ጣቢያዎች ኤች.ቢ.ኦ. እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሾውታይም በ2023 ቡጢን አቁመዋል፤ ክሮፎርድ በሴፕቴምበር 2025 ሁለት ክብደት ከፍ ብሎ ካኔሎ አልቫሬዝን በነጥብ ያሸነፈበት ታላቅ ምሽት የተላለፈው በኔትፍሊክስ ነበር፤ ተጨማሪ ክፍያ አልነበረውም። «አይሸጥም» የተባለው ሰው የሚሸጥ ነገር በሌለበት ምሽት ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ ተባለ፤ ይህንንም የነገረን ኔትፍሊክስ ራሱ ነው። የክሮፎርድ ወገኖች ዓመታት ለተቀለደባቸው ብድር መላሽ አድርገው ቁጥሩን በየአጋጣሚው ይጠሩታል፤ የዴቪስ ወገኖች ደግሞ በነጻ የታየ ከተገዛ ጋር አይነጻጸርም ይላሉ። ከዚያ በፊት ኖቬምበር 2024 ላይ ይኸው ድርጅት በዩቲዩብ የታወቀው ጄክ ፖል ከ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ጋር ያደረገውን፣ ሕዝቡ እስኪያልቅ ያፏጨበትን ግጥሚያ 108 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንዳየው አስታውቆ ነበር፤ በዚህ ሒሳብ ከሄድን ፖልና ታይሰን ክሮፎርድንና ካኔሎን ከእጥፍ በላይ ይበልጣሉ፤ ይህን ስሌት ግን ከሁለቱም ወገን ሲያነሣው የሰማሁት ሰው የለም።