«ለሁሉም ይሆናል» የተባለ አስፈሪ ፊልም

በእንግሊዝ ኤ ሌቭል በሚባለው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ሚዲያ የሚማሩ ልጆች ለዓመታት የሠሩት አንድ የታወቀ ሥራ ነበር። ኦሲአር የተባለው የፈተና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በተሰጠው ትምህርት ተማሪው የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ፣ ርዕሱንና የሠሪዎቹን ስም ጨምሮ፣ ከ2 ደቂቃ ሳያስበልጥ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ 7 ጥያቄዎች ይቀርቡለት ነበር። አንዱ «የፊልምህ ተመልካች ማን ነው?» ሲል ሌላው «ይህን ተመልካች እንዴት ሳብከው?» ይል ነበር። ብዙዎቹ የሚመርጡት ሆረር፣ ማለትም አስፈሪ ፊልም፣ ነበር። ታዋቂ ተዋናይ አያስፈልገውም፤ አንድ ቤት፣ አንድ የእጅ ባትሪና ሦስት ጓደኛ ይበቃዋል።

አገር ቤት ለጀማሪ ፊልም ሠሪ ይኸው ጥያቄ ሲቀርብለት በብዛት የሚሰማው መልስ «ለሁሉም ነው፣ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ የሚያየው» የሚል ነው። ለፍቅር ፊልምና ለኮሜዲ ይህ መልስ ሠርቷል፤ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት የሞላው እሱ ነው። አስፈሪ ፊልም ላይ ግን ገና ከስክሪፕቱ ሥራውን ይገድለዋል። አያትን የሚያስደነግጠው ነገር የ17 ዓመቱን ልጅ ያስቀዋል፤ የ17 ዓመቱን ልጅ የሚያስፈራው ደግሞ የ8 ዓመቷን እህቱን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳታል። ሁሉንም ላለማስቀየም የተሠራ ፊልም መጨረሻ ላይ ማንንም አያስፈራም።

እንግሊዝ ውስጥ ተማሪውን ቀድሞ የሚያስወስነው የዕድሜ ገደብ ነው። የፊልም መዳቢው ቦርድ፣ ቢቢኤፍሲ፣ ከ15 ዓመት በታች ላለ በማይፈቀደው የ15 ምድብ ውስጥ ጠንካራ ማስፈራሪያን ይፈቅዳል፤ በሥቃይ መደሰትንና ቁስል ላይ መቆየትን ግን ወደ 18 ይገፋዋል። ስለዚህ ተማሪው ገና ስክሪፕት ላይ ሳለ ቢላዋውን ያሳያል፣ ገላ ላይ ሲገባ ግን ካሜራውን ወደ ግድግዳው ጥላ ያዞራል። ፊልሙን በ18 ደረጃ ከሠራው የራሱ የክፍል ጓደኞች እንኳ ከገደቡ ውጭ ይሆናሉ። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገርም አለ፤ ያልተመረመረ ፊልም ፖስተር ላይ የቦርዱን ክብ ምልክት መለጠፍ አይገባም፣ የንግድ ምልክት ነው። «ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ለሆኑ የተዘጋጀ» ብሎ በጽሑፍ ማስፈር ይበቃል። ይህን አንዲት መስመር አገር ቤትም ብንለምዳት ጥሩ ነው፤ ወላጅን ታስጠነቅቃለች፣ ወጣቱን ደግሞ ትጠራለች።

ተመልካችን ማጥናት ሲባል «አስፈሪ ፊልም ትወዳለህ?» ብሎ 20 ጓደኛን መጠየቅ አይደለም። ሁሉም «አዎ» ይላል፣ የሚጠቅም ነገር ግን አይገኝበትም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው፦ መጨረሻ ያየኸው አስፈሪ ፊልም ምን ነበር? የት፣ ከማን ጋር፣ በስልክ ነው ወይስ በቴሌቪዥን? ያቋረጥከው ካለ የቱ ጋ ደርሰህ? ማታ ብቻህን ስትሆን የትኛውን ድምፅ ትጠላለህ? 25 ሰው ቢጠየቅ ቢያንስ ግማሹ ሠሪዎቹን የማያውቅ ይሁን። የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ በቀጥታ ወደ ስክሪፕት ትገባለች።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣውም እዚያው ነው። ለእንግሊዙ ልጅ የሚንጫጫ የእንጨት ወለል፣ ጭምብልና ድንገት የሚጠፋ መብራት አደጋ እንደመጣ ይነግሩታል። አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ ተመልካቹ «መብራት ሄደ» ብሎ ሻማ ያስባል እንጂ አይደነግጥም። የሚንጫጫ የእንጨት ወለልም በብዙ ቤታችን የለም። ግን ሌሊት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚራመድ ነገር አለን። ዳር ሰፈር ያደገ ሰው የጅብ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እንዴት እንደሚያደርገው ያውቃል፤ ከጩኸቱ ይልቅ የሚከብደው የሰፈሩ ውሾች በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ ነው። ከውጭ ፊልም የተቀዳ የወለል ድምፅ አገር ቤት ፊልም ውስጥ ሲሰማ ተመልካቹ ወዲያው ያውቀዋል፤ የሌላ ሰው ቤት ነው።

ከዚህ የሚከብደው እምነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሙት መንፈስ ለአብዛኛው ወጣት ጨዋታ ነው፤ ከፍሎ ይፈራል፣ ስቆ ይወጣል። እኛ ዘንድ ዛር፣ መተት፣ ቡዳ ሲባል አዳራሹ ውስጥ ዘመዱን ጠበል የወሰደ ሰው ተቀምጧል። ኃይሉም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ትንሽ ፍንጭ ብቻ ይበቃል፣ ውድ ሜካፕ አያስፈልግም፤ የታመመን ሰው ጩኸት ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ተመልካቹን ያስቀይመዋል፣ ማስቀየሙም ልክ ነው። «ቡዳ» የሚለው ስም ደግሞ በሸክላ ሠሪዎች፣ በቀጥቃጮች፣ በፋቂዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው፤ ሰው አስገልሏል፣ አስደብድቧል። ሸክላ ሠሪ ሴትን ጭራቅ አድርጎ የሚያቀርብ ተማሪ ያንን ስድብ በካሜራ ይደግመዋል። እስራኤል ያለውም ተመልካች ያየዋል። ፍርሃቱን ከከሳሾቹ ወገን ማድረግ፣ ሌሊት ችቦ ይዞ በሯን የሚያንኳኳውን ጎረቤት ማሳየት፣ የበለጠ ያስፈራል፤ እውነትም ነው።

ማስታወቂያን በተመለከተ ተማሪ ሁሉ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው። ሁለቱ ዳይሬክተሮች የተዋወቁት በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፊልሙ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት ታሪኩን እንደ እውነተኛ ክስተት የሚያቀርብ ድረ ገጽ ከፈቱ፤ «የጠፉ ሰዎች» የሚል ወረቀትም አሠራጩ። ዘዴው ድንቅ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ግን መደገም የለበትም። በየግድግዳውና በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለጠፈው የጠፋ ሰው ፎቶ እውነተኛ ነው፤ እናት ትፈልገዋለች። ከፊልሙ መውሰድ የሚገባን ታሪኩ ከፊልሙ በፊት መጀመሩን ነው፤ አንድ የድምፅ ቅጂ፣ አንድ ያረጀ ፎቶ፣ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ልብ ወለድ መሆኑ በግልጽ ተጽፎ።

ቲዘሩ፣ ማለትም ፊልሙን አስቀድሞ የሚያስተዋውቀው አጭር ቪዲዮ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሁን፤ ለቲክቶክ ቁመቱ ከወርዱ የበለጠ፣ 9 በ16። ቀረጻ ላይ ሳሉ ለብቻው በቁም ማንሳት ይሻላል፤ በኋላ ከአግድሙ ሲቆረጥ በሩ ላይ የቆመው ሰው ከምስሉ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች የድርጅት አርማ አይግባ። ትልቁን ማስደንገጫም አትስጡ፤ ከእሱ በፊት ያለውን ዝምታ ስጡና ቁረጡ። ዩቲዩብ ላይ ለሽፋኑ ምስል 1280 በ720 ፒክስል ይበቃል፤ አንድ ፊት፣ ከ4 ቃል ያልበለጠ ጽሑፍ። ደም የሞላበት ሽፋን ያስደስታል፣ ግን ቪዲዮው የዕድሜ ገደብ ሊጣልበት ይችላል፤ ያን ጊዜ አካውንት ሳይከፍት የሚያይ ሰው አያገኘውም።

ተማሪዎችን ከምንም በላይ የሚጎዳቸው ጨለማና ድምፅ ነው። ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ በትልቅ ስክሪን የታየ ጥቁር ምስል በቀን ብርሃን ስልክ ላይ ባዶ መስታወት ይሆናል። መጠነኛ ብርሃን ሰጥቶ ማንሳትና በኋላ ማጨለም ይሻላል፤ ከመልቀቅ በፊት የስልኩን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጎ ደጅ ወጥቶ ማየት ግድ ነው። ድምፅም እንደዚሁ ነው። ሆድ የሚያንቀጠቅጠው ወፍራም ጉርምርምታ በአነስተኛ የስልክ ስፒከር ጨርሶ አይሰማም። ከ150 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) በታች ብቻ የተሠራ ከሆነ ተመልካቹ የሚሰማው ዝምታ ነው። ያንኑ ድምፅ ከፍ ባለ እርከን፣ ከ400 እስከ 800 ኸርዝ አካባቢ፣ ደርቦ መጨመር ይገባል። በየሎኬሽኑም ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ መቅዳት አይረሳ፤ ያለ እሱ ዝምታው ይቆራረጣል።

የሚለቀቅበት ቀንም ከአገር አገር ይለያል። እንግሊዝ ውስጥ በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ያለው፣ አስፈሪ ልብስ የሚለበስበት የሃሎዊን በዓል ተመልካቹን ራሱ ያመጣዋል። አገር ቤት ያ ቀን ትርጉም የለውም፤ በዐቢይ ጾም መልቀቅ ደግሞ ብዙውን ተመልካች ማራቅ ነው። ክረምቱ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ወጣቱን ቤቱ ያገኘዋል። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ላለው፣ አማርኛ ሰምቶ ፊደል ለማያነበው የስደት ልጅ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር ይግባ፤ አያቱ ያወሩለትን ነገር በስክሪን ሊያየው የሚጓጓው እሱ ነው።

ከመልቀቅ በፊት ከታሰቡት ተመልካቾች 8 ሰው ይሰብሰብ። ፊልሙን ሳይሆን ፊታቸውን እዩ፤ ሰከንዱን ጻፉ። ስልክ ያወጡበት ቦታ ይቆረጣል። የሳቁበት ቦታ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ የኛ ሰው ከደነገጠ በኋላ ይስቃል፣ ጎኑ ካለው ጋር ያወራል፣ ያማትባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማስደንገጫ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ንግግር የሌለበት ቦታ ተዉ፤ አለዚያ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር በሳቁ ውስጥ ይጠፋል።