ዔሊ በጅማ ክረምት

ኧረ ተዉ! የጅማ ዝናብ ለቡና እንጂ ለቆላ ዔሊ አይሆንም። «ድንጋይ ለብሳ ምን ትሆናለች» እያሉ ሐምሌን ሙሉ ጭቃ ላይ ያሳድሯታል። ድንጋዩ ሙቀት አያመነጭም! ሰውነቷ የሚሞቀው ከውጭ ነው፤ ስትቀዘቅዝ የበላችው ሣር አይፈጭላትም፣ እርጥበት ሲጨመርበት ሳንባዋ ይታመማል። አፍንጫዋ አረፋ እየደፈቀ፣ አፏን ከፍታ እየተነፈሰች «ጉንፋን ነው» ይባላል? የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት እንጂ!

ማደሪያዋ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ፣ ደረቅ ጭድ፣ ሌሊት ከ15 ዲግሪ የማይወርድ፤ የቀን መሞቂያዋ 35 ገደማ። አምፖሉን ጀርባዋ ላይ አታስጠጉት፣ ያቃጥላታል። በመስታወት የገባ ፀሐይም አይበቃም፤ ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። መብራት ሲጠፋስ? ከሰል አታስገቡ፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። የሞቀ ውሃ የያዘ ጀሪካን በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቧ ማኖር ይሻላል።