ይድረስ ለክቡር «ዋጋ በውስጥ»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። የናፈቀኝም ከሽያጭ ማስታወቂያዎ ላይ የጠፋው ቁጥር ነው፤ ከጎኑ «ብር» የሚል የተጻፈበት ተራ ቁጥር።

በ41 ዓመቴ ቤዝ ጊታር ልማር ብዬ የተነሳሁት ሰውዬ ነኝ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ ገጠመልኝ ብዬ ነበር። ባለቤቴ «ክራር አይሻልህም?» ብላኛለች፤ አልሰማኋትም። ልጅ ሆኜ በአባቴ ቴፕ ሮሃ ባንድ ሲከፈት፣ ቤተሰቡ ዘፋኙን ሲያዳምጥ እኔ ከሥር ከሥር የሚሄደውን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ነበር የምከተለው።

ሳልዘጋጅም አልመጣሁም። አራት ክር ይበቃኛል። የተለመደው የክር ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ ጣቴ አጭር ስለሆነ 30 ኢንቹም አይከፋኝም። አምፑ (የቤዙ ድምፅ ማጉያ) ለመኝታ ቤት ነውና 15 ወይም 20 ዋት ይበቃል፤ ብቻ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይኑረው፣ ጎረቤት አለ። ደግሞ የቤዝ አምፕ ይሁን፤ በሊድ ጊታር አምፕ ላይ ቤዝ ሰክተው ድምፁን ካስጮኹት ስፒከሩን ይቀድዱታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በሁለት ሳምንት ነው። ዋጋውን ለማወቅ ግን ይኸው ሦስተኛ ወር ሆነኝ።

የቤዙና የአምፑ ማስታወቂያዎ ምንም አይጎድለውም። ሰባት ፎቶ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ ሦስት የእሳት ምልክት፣ ጭራሽ «ፊክስድ ፕራይስ» ይላል። ምኑ እንደሆነ ሳይነግሩን ፊክስድ! ከሥር «ስንት ነው?» የሚለው ሕዝብ ሰልፍ ይዟል፤ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ «በውስጥ አውሩን»። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ምናልባት እርስዎ «በግልጽ» የሚለውን «በግል» ብለው አንብበውት ይሆናል፤ የአንድ ፊደል ነገር ነው፣ አልፈርድብዎትም።

እሺ፣ በውስጥ ገባሁ። «ሰላም ወንድሜ፣ ቤዙ ስንት ነው?» ሁለት ራይት ሆነ። ዝም። እርስዎ ለካ ፎቶዬን እያዩ ነው! በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ በሱፍና በጥቁር መነጽር ሚዜ ሆኜ የተነሳሁት ነው፤ ከኋላዬ አበባ የተለጠፈበት መኪና ቆሟል። ከዚያ መጣ፦ «38 ሺህ፣ ላንተ ስለሆነ።» ማታ ፎቶ የሌለው የወንድሜ ልጅ ያንኑ ቤዝ ጠየቀ፤ 29 ሺህ ተባለ። ሱፉ የኪራይ ነበር፣ ክቡርነትዎ። የተከራየሁት እንኳ በ9 ሺህ አይደለም።

ቤዙን ተውኩና አምፑን ልይ ብዬ አምስተኛውን ፎቶ በጣቴ ሳሰፋው ጀርባው ላይ «120 ቮልት» የሚል አነበብኩ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው ማለት ነው። የእኛ ግድግዳ ደግሞ የሚሰጠው 220 ነው። ዝም ብዬ ሰክቼው ቢሆን የመጀመሪያው ኖታዬ ጭስ ነበር።

«ይሄ ነገር እዚህ ይሠራል?» አልኩ።

«በትራንስፎርመር ችግር የለውም ብሮ።» እውነት ነው፣ በዚህ አልዋሹም።

«ትራንስፎርመሩ አብሮ ነው?»

«ለብቻው ነው።»

«ስንት?»

«በውስጥ አውራኝ።»

ውስጥ አይደለሁም እንዴ፣ ክቡርነትዎ? ከዚህ ወዲያ ያለው ውስጥ የት ነው? ጫማ ይወለቃል?

አክባሪዎ፣
ቤዝ የሌለው ቤዚስት

ግልባጭ፦ «ክራር አይሻልህም?» ላለችው ባለቤቴ